ችካልና ተክል፦ መደገፍ እስከ ምን ድረስ ነው?



ክረምት በገባ ቁጥር በየጓሯችን አንድ የተለመደ ነገር እናያለን። ቀን በቀን ሽቅብ ሲመዘዝ አይተን የተደሰትንበት ተክል፣ ዝናብና ነፋስ ተባብረው ሲያድሩበት ጧት ላይ መሬት ተኝቶ ይገኛል። ቲማቲሙ ፍሬውን እንደ ተሸከመ ጭቃ ውስጥ ተጋድሟል፤ የሱፍ አበባው ከወገቡ ተቀንጥሷል፤ ዳልያው ከአበባው ክብደት የተነሣ አንገቱን ደፍቷል። ባለቤቱም አጠገቡ ቆሞ «ምነው ትናንት በደገፍሁት ኖሮ!» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህች ትንሽ ጸጸት ናት። በጓሮ ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ በቤታችን፣ በምናስተምርበት ክፍልና በቁምስናችንም ይነሣልና። ይኸውም፦ ደካማውን መደገፍ የሚገባን መቼ ነው? እስከ ምን ድረስስ ነው? ድጋፉን ማንሣት የሚገባን መቼ ነው? ወይስ ጨርሶ ማንሣት የማይገባን ጊዜ አለ? መደገፍ በጎ ነገር መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን በጎ ነገር ያለ ጊዜውና ያለ መጠኑ ሲደረግ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ጓሮው ራሱ ያስተምረናል። ስለዚህ ከተክሉ ተነሥተን ወደ ሰው እንድንሄድ አንባብያንን እንጋብዛለን።

ተክል ለምን ይወድቃል?

ስለ ድጋፍ ከመነጋገራችን በፊት የአወዳደቁን ምክንያት ማወቅ ይገባል፤ በሽታውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም አይመሰገንምና። ረጅም ተክል የሚወድቅባቸው ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የብርሃን እጦት ነው። በጥላ ሥር የበቀለ ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ከልኩ በላይ ይመዘዛል። ቁመት ይጨምራል እንጂ ውፍረት አይጨምርም፤ ግንዱ ቀጥኖ፣ ቀለሙ ገርጥቶ ይቀራል። ተክሎችን እጅግ አቀራርቦ መትከልም ይህንኑ ያስከትላል፤ አንዱ ሌላውን እየጋረደ ሁሉም ወደ ላይ ይሽቀዳደማሉና።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጠን ያለፈ ምግብ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ በገፍ የተሰጠው ተክል ቅጠሉ ይለመልማል፤ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል፤ ግንዱ ግን ለስላሳ ስለሚሆን ራሱን መሸከም ይሳነዋል። ጤፍ የሚያመርት ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ 1000 ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። ሆኖም የዛላው ክብደት ከቀጭኑ አገዳ አቅም በልጦ ዝናብና ነፋስ ሲጨመሩበት ማሳው እንዳለ ይጋሸባል። የተጋሸበ ጤፍ ፍሬው በሚገባ አይሞላም፤ ለማጨድ ያስቸግራል፤ መሬት የነካውም ጥራቱ ይቀንሳል። ማዳበሪያ በጨመረ ቁጥር ምርቱ የሚጨምር የመሰለው ሰው፣ ከልኩ ባለፈ ጊዜ የለመለመውን ሁሉ ተኝቶ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ምክንያት የራሱ የፍሬው ክብደት ነው። ሰው ትልልቅና ድርብርብ አበባ ያለውን ዳልያ እየመረጠ ሲያራባ ኖሯል። ያ አበባ ዝናብ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል፤ አንገቱም አይችለውም። እዚህ ላይ ተክሉ የወደቀው ጉድለት ስላለበት አይደለም፤ ብዙ ስለ ተሰጠውና ብዙ ስለ ሰጠ ነው እንጂ።

በዚህ ረገድ የጃፓን ሩዝ ገበሬዎች የሚያውቁት አንድ በሽታ ነበረ። የያዘው ችግኝ ከባልንጀሮቹ ሁሉ በላይ በፍጥነት ይረዝማል፤ ነገር ግን የገረጣና የሰለለ ስለሆነ ፍሬ ሳይሰጥ ይወድቃል ወይም ይደርቃል። ገበሬዎቹም «ሞኝ ችግኝ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ኤይቺ ኩሮሳዋ የተባለው ተመራማሪ፣ ችግኙን እንዲህ የሚያስረዝመው አንድ የሻጋታ ዘር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ። ይህ ንጥረ ነገር በኋላ ጂበረሊን የሚል ስም ተሰጠው፤ ተክሎች ለእድገታቸው በልክ የሚያመነጩት መሆኑም ታወቀ። የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽታ ደግሞ የስንዴ ነው። ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ ሲሠራ፣ ማዳበሪያ የተጨመረለት ረጅም ስንዴ እየወደቀ አስቸገረው። እርሱም አዲስ ዐይነት ችካል አልፈለገም፤ «ኖሪን 10» ከተባለው አጭር የጃፓን ስንዴ ጋር በማዳቀል አጭርና ጠንካራ አገዳ ያለው፣ ዛላውን የሚችል ስንዴ እንዲገኝ አደረገ እንጂ። ለዚህና ለተከታዩ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ ቁመት ብቻውን እድገት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በቤታችንም ቢሆን፣ ልጃችን ከእኩዮቹ ቀድሞ ሲናገር፣ ቀድሞ ሲያነብብ፣ በሰው ፊት ቆሞ ሲያቀርብ እንደሰታለን፤ እናወድሰዋለን፤ ከፍ ወዳለ ቦታም እንገፋዋለን። ሥሩ መያዙን ግን ስንቶቻችን እንመረምራለን? አንዳንድ ጊዜ ለሚወድቀው ሰው የሚያስፈልገው ችካል ሳይሆን ብርሃን፣ ወይም ስፍራ፣ ወይም ውዳሴና ጥድፊያ በመጠኑ መሆኑ ነው። አስቀድሞ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ለመደገፍ የሚሮጥ ሰው፣ ራሱ በጥላ ያሳደገውን ተክል በእንጨት ሊያቆም የሚታገል አትክልተኛን ይመስላል።

የችካል ሥርዐት

ድጋፍ የሚያስፈልግ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ልምድ ያለው አትክልተኛ የሚጠብቃቸው ሥርዐቶች አሉ።

አንደኛው ጊዜ ነው። ችካል የሚተከለው ከተክሉ ጋር አብሮ ነው እንጂ ተክሉ ከወደቀ በኋላ አይደለም። ተክሉ ካደገ በኋላ የሚመታ ችካል የተዘረጋውን ሥር ይበጥሳል። የዳልያን ድንች መሰል ሥር የሚተክል ሰው ችካሉን አስቀድሞ የሚያቆመው ስለዚህ ነው። ተክል ተኝቶ ጥቂት ቀናት ከቈየ ደግሞ ጫፉ ወደ ሰማይ ይቀናና ግንዱ እንደ ተቈለመመ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ በግድ እናቃና ቢሉት ይሰበራል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እዚህም ይሠራል።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። ሁለት ሜትር የሚሆን የቲማቲም ችካል ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ካልገባ፣ ነፋስ በመጣ ጊዜ ተክሉን ይዞት ይወድቃል። ራሱ ያልቆመ ሌላውን ሊያቆም አይችልም።

ሦስተኛው አስተሳሰር ነው። ማሰሪያው ለስላሳና ሰፋ ያለ፣ ይኸውም የጨርቅ ቅዳጅ ወይም ቃጫ ቢሆን ይመረጣል። ክሩ በግንዱና በችካሉ መካከል ተጠላልፎ እንዲያልፍ፣ ማለትም ግንዱ በአንደኛው ቀለበት፣ ችካሉ በሌላው ቀለበት እንዲሆን ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ግንዱ ከእንጨቱ ጋር አይፋተግም። ቀለበቱም ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ይላል፤ ግንዱ ገና ይወፍራልና።

አራተኛው ተክሉን በየዐይነቱ ማወቅ ነው። ቲማቲም ባደገ ቁጥር በየስንዝሩ ተጨማሪ ማሰሪያ ይፈልጋል። የዛፍ ችግኝ ግን ዝቅ ብሎ፣ ከቁመቱ ሲሦ ገደማ ላይ ብቻ ይታሰራል፤ ቅርንጫፉ እንዲወዛወዝ ይተዋል። ቦሎቄ ደግሞ ማሰሪያ አያሻውም፤ እንጨቱን ካገኘ ራሱ ይጠመጠማል። አጠማጠሙም የራሱ አቅጣጫ አለው። ፈትቶ በተቃራኒው ቢጠመጥሙት ተመልሶ ወደ ራሱ መንገድ ይዞራል እንጂ የሰውን ፈቃድ አይከተልም።

ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት ብቻ አልተማርነውም። አዲስ በተመደብንበት ቁምስና ከቤታችን ጀርባ ቲማቲም ተክለን ነበር። የመጀመሪያው ነፋስ ሲነሣ ፈርተን፣ በእጃችን ያገኘነውን ቀጭን ሽቦ አምጥተን እያንዳንዱን ግንድ ከአጣናው ጋር አጥብቀን አሰርን። ለአንድ ሳምንት ያህል ቀጥ ብሎ መቆሙን እያየን ተደሰትን። ከወር በኋላ ግን ሽቦው ግንዱን ቈርጦ ገብቶ፣ ከማሰሪያው በላይ ያለው ቅጠል ጠወለገ። በጊቢው የሚያገለግሉት አዛውንት አትክልተኛ መጥተው ተመለከቱና በትሕትና፦ «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አስረውታል እንጂ አልደገፉትም» አሉን። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

አስረነዋል ወይስ ደግፈነዋል?

ቃሉ ስለ ቲማቲም ብቻ አለመሆኑን የተረዳነው ቈይቶ ነው። በዚያው ቁምስና እናት አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ አንድ ልጅ ነበረ። ትጉህና ጨዋ ስለ ነበረ ኀላፊነቱን ወሰድን። የትምህርት ቤት ክፍያውን ከፈልን፤ ልብሱን ገዛን፤ የሚያጠናውን የትምህርት ዘርፍ መረጥንለት። ከመምህሩ ጋር በተጋጨ ጊዜ እኛ ሄደን አስታረቅን። የተሰጠው ገንዘብ በጠፋበት ጊዜ እንዴት እንደ ጠፋ እንኳ ሳንጠይቅ ተካን። «አባትም እናትም የለውም» እያልን ነፋስ የሚባል እንዳይነካው ከለከልን። 12ኛን ክፍል በመልካም ውጤት ጨርሶ ወደ ሌላ ከተማ ለከፍተኛ ትምህርት ሲሄድ፣ ቀጥ ብሎ የቆመውን ተክል እያየን እንደ ዱሮው ተደሰትን።

ልጁ ዓመቱ ሳይሞላ ተመለሰ። የትምህርቱ ክብደት አልነበረም የመለሰው። የምዝገባ ቀን አለፈበት፤ ሄዶ ለማስረዳት አፈረ፤ ከአከራዩ ጋር አለመግባባት ተፈጠረ፤ ምን ማለት እንዳለበት አላወቀም። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ እኛ እስክንመጣለት ጠበቀ። እኛም አላወቅንም። ለምን እንዳልጻፈልን በወቀስነው ጊዜ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ እንዲህ አለን፦ «አባ፣ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ‹ምን ትፈልጋለህ?› ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እዚያ ሄጄ ሰዎች ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ።»

ምን እንመልስለት? ያደረግንለት ሁሉ በፍቅር የተደረገ ነበር፤ ሐሰት አልነበረበትም። ሽቦውም ቢሆን በፍርሀትና በፍቅር የታሰረ ነበር። ታዲያ የልብ ቅንነት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ግንዱ ባልተቈረጠ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ መልካም ሐሳብ ከማስተዋል ጋር ካልተጣመረ የምንወደውን ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ ሌላ ሙያ ራሱ መርጦ ተማረ፤ በጠየቀን ነገር ብቻ ረዳነው። ዛሬ ራሱን ችሎ ይኖራል። ይህ ግን የእኛ ሥራ ነው ብለን ልንናገር አንደፍርም።

የነፋስ ትምህርት

ተክልን የሚያጠኑ ሰዎች ከዚህ ጋር የሚስማማ ነገር ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. መርደኬ ጃፌ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ባሳተመው ጥናት፣ ግንዳቸው በየጊዜው በእጅ የተዳሰሰና የታሸ ተክሎች ካልተነኩት ይልቅ አጭርና ወፍራም ሆነው እንደሚያድጉ አሳየ። ነፋስም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ተክሉ ሲወዛወዝ የደረሰበትን ጫና እንደ መልእክት ይቀበላል፤ ለቁመት ሊያውለው የነበረውን ኀይልም ግንዱን ለማወፈርና ሥሩን ለማጠንከር ያውለዋል። በአንጻሩ ንቅንቅ እንዳይል ከላይ እስከ ታች የታሰረ የዛፍ ችግኝ ቶሎ ይረዝማል፤ ግንዱ ግን ይቀጥናል፤ ችካሉ በተነሣ ቀን ጎብጦ ይወድቃል ወይም ይሰበራል። ስለዚህ ዐዋቂ አትክልተኞች የዛፍን ችካል ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እንዲነሣ ይመክራሉ።

ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ነፋስ ግንድን ያጠነክራል ማለት ዐውሎ ነፋስ መልካም ነው ማለት አይደለም። ለዘብ ያለው ነፋስ የሚያጠነክረውን ችግኝ ዐውሎው ከሥሩ ይነቅለዋል። «መከራ ሰውን ያበረታል» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው መከራው ካልደረሰበት ሰው አፍ ነው። ልጁን የሚያንገላታ አባት፣ ተማሪውን የሚያዋርድ መምህር፣ ሠራተኛዋን የምታስርብ እመቤት «ላጠነክራቸው ብዬ ነው» ብለው ቢያመካኙ የነፋሱን ትምህርት አጣምመዋል። አትክልተኛው ችግኙን ለነፋስ ይተወዋል እንጂ እርሱ ራሱ ዐውሎ ሆኖ አይመጣበትም።

ሌላው ስሕተት

ከላይ በተናገርነው ስሕተት የተጸጸተ ሰው ወደ ተቃራኒው ስሕተት ለመውደቅ ቅርብ ነው። ይህም በእኛ ደርሷል። የቁምስናችን ምክር ቤት በየወሩ እህል ስለሚሰጣቸው ቤተሰቦች በተወያየበት ጊዜ፣ አንድ አስተዋይ ሰው ተነሥተው «እነዚህ ሰዎች ርዳታ ለምደዋል፤ ለራሳቸው ሲባል ይቁም» አሉ። የልጁ ነገር ልባችንን ያቃጥለው ስለ ነበረ ነገሩ እውነት መሰለን፤ እሺ ልንል ጥቂት ቀርቶን ነበር።

ከዚያ የስም ዝርዝሩ ተነበበ። ከዝርዝሩ ውስጥ እግራቸው ከሸፈነ ዓመታት ያለፉ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ነበረች። ጤናማና ጎበዝ ሆኖ ሥራ የፈታ ወጣትም ነበረ። ያን ጊዜ ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንዷ እጇን አውጥታ፦ «አባ፣ የቲማቲሙንና የጽዱን ችካል በአንድ ቀን ይነቅላሉ እንዴ?» ስትል ጠየቀችን። ጓሯችንን ታውቀዋለችና። ጉባኤው ሣቀ፤ እኛ ግን አፈርን።

እውነትም የጽድ ችግኝ ችካሉ የሚነሣለት ተፈጥሮው ብቻውን ለመቆም ስለሆነ ነው። ቲማቲም ግን እንደዚያ አይደለም። በተለይ ያለማቋረጥ የሚረዝመው የቲማቲም ዐይነት የመጨረሻው ፍሬ እስኪለቀም ድረስ ችካሉ አይነሣም። «ራሱን ይቻል» ብሎ ቢነቅሉበት ፍሬው ከመሬት ነክቶ ይበሰብሳል፤ ከአፈር የሚነሣ በሽታም ይይዘዋል። ይህን ያደረገ ሰው ጥብቅ አትክልተኛ አይባልም፤ ተክሉን የማያውቅ ይባላል እንጂ።

በሌላ ተክል የሚደገፍ ሐረግም ሰነፍ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1865 ዓ.ም. ስለሚጠመጠሙ ተክሎች ባቀረበው ጥናት እንዳመለከተው፣ እነዚህ ተክሎች ወፍራም ግንድ ለመሥራት ብዙ ሳያወጡ ወደ ብርሃን ይደርሳሉ። በአንድ ማሳ በቆሎና የሚጠመጠም ቦሎቄ አብረው የተዘሩ እንደ ሆነ ቦሎቄው በበቆሎው አገዳ ላይ ይወጣል። ቦሎቄውም ዕዳውን ሳይከፍል አይቀርም። በሥሩ ላይ ባሉት እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ፤ ቅጠሉና ሥሩ በበሰበሰ ጊዜም መሬቱ ለሚቀጥለው ሰብል ይዳብራል። ለዐይን ተደጋፊ ብቻ የሚመስለው ከመሬት በታች ሰጪ ነው።

በመሆኑም ስለ እኒያ አሮጊት ደግመን አሰብን። በሰፈሩ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ የትኛው ቤት እሳት ሳይነድድበት እንዳደረ ከሁላችን አስቀድሞ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከመንገድ ዳር ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ገብቶ ይጫወታል። ካህኑ የማይሰማውን እርሳቸው ይሰማሉ፤ ብዙ ጠበኞችንም በጠባቧ ደጃቸው አስታርቀዋል። በወር አንድ ቁና እህል ሰጥተን እርሳቸውን «ተረጂ» ስንል፣ የተቀበልነውን በየትኛው መዝገብ ጽፈነዋል?

ምክር ቤቱም እያንዳንዱን ቤት ለየብቻ አየ። ለወጣቱ የአናጢ መሣሪያ ተገዝቶለት፣ እህሉ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲቀጥል ተወሰነ። ለእናቲቱ ልጆቿ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ሆነ። ለአሮጊቷ ግን የጊዜ ገደብ አልተደረገም።

የሰውና የተክል ልዩነት

ይህ ጉዳይ የብዙ አሳቢዎችን ልብ ሲያስጨንቅ ኖሯል። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃዎች ሲከፍል፣ ከሁሉ የላቀውን ደረጃ የሰጠው ሰው ዳግመኛ የሌላ እጅ እንዳያይ አድርጎ ማቋቋምን ነው፤ ይኸውም በስጦታ ወይም በብድር፣ በሽርክና ወይም ሥራ በመስጠት ማለት ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛም እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. ባወጡት ማኅበራዊ መልእክት፣ ሰው በራሱ ጥረት ሊፈጽመው የሚችለውን ነገር ነጥቆ ለማኅበር መስጠት፣ ትንሹ ማኅበርም የሚችለውን ነጥቆ ለትልቁ መስጠት ፍትሕን የሚጻረር መሆኑን አስተምረዋል። ሆኖም ይህን ትምህርት «ትልቁ ትንሹን ይተወው» ብሎ የሚተረጉም ሰው ተሳስቷል። የዚህ መርሕ የላቲን ስያሜ የመጣው «ርዳታ» ከሚለው ቃል ነው። ትልቁ እንዲረዳ ይጠበቅበታል፤ እንዲተካ ግን አይፈቀድለትም።

እዚህ ላይ «ሰው እኮ ተክል አይደለም» የሚል አንባቢ ቢኖር እውነቱን ነው። ልዩነቱን ማየትም ለጥያቄያችን መልስ ለማግኘት ይረዳናል። አትክልተኛው ተክሉን ምን እንደሚሻ ሊጠይቀው አይችልም፤ ቅጠሉን አይቶ ይገምታል እንጂ። እኛ ግን የምንደግፈው ሰው አፍ አለው፤ ፈቃድም አለው። ከልጁ ጋር የሠራነው ጥፋት ድጋፉ መብዛቱ ብቻ አልነበረም። ሊናገር የሚችለውን ሰው እንደማይናገር ተክል መቍጠራችን ነበረ። ስለ አሮጊቷም ልንሠራው የነበረው ጥፋት ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ እርሳቸው በሌሉበት ስለ እርሳቸው ጥቅም ልንወስን ነበርና። መጠኑና ጊዜው የሚታወቀው በመለኪያ ሳይሆን በመጠየቅና በመስማት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት በችካሉ በኩል ነው። ችካል የደረቀ እንጨት ስለሆነ ተክሉ ቢደገፍበትም ባይደገፍበትም ግድ የለውም። የሚደግፍ ሰው ግን ሕያው ነው፤ ሲደገፉበት ደስ ይለዋል። «ያለ እኔ አይሆንለትም» ማለት የሚጣፍጥ ቃል ነው። ይህ ጣዕም በውስጣችን ሥር ሲሰድድ፣ ተክሉ ለመቆም በደረሰ ጊዜ እንኳ ማሰሪያውን ለማላላት እጃችን ይከብዳል። ሰው የምንደግፈው እርሱ እንዲቆም ነው ወይስ እኛ እንድንታይ? ወደ ጓሮ የሚገባ እንግዳ አበባውን አድንቆ ይሄዳል፤ ችካሉን የሚያመሰግን የለም። መልካም ችካልም በቅጠሉ ተሸፍኖ የማይታየው ነው።

ለወላጆችና ለመምህራን

እንግዲህ ከላይ ከተናገርነው በመነሣት፣ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆችና ሌላውን የምታስተምሩ መምህራን ራሳችሁን ልትጠይቋቸው የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

1ኛ/ ይህ ሰው የሚያዘነብለው ለምንድን ነው? ብርሃን አጥቶ ነው? ውዳሴ በዝቶበት ነው? ወይስ የተሸከመው ፍሬ ከብዶት ነው? ሸክም ከብዶት ያዘነበለውን ሰው ደካማ ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

2ኛ/ የምደግፈው በጊዜው ነው ወይስ ከወደቀ በኋላ? የወደቀውን ሰው ቀና የማደርገው በቀስታ ነው ወይስ እስኪሰበር?

3ኛ/ ማሰሪያዬ ጣት ያስገባል? የምረዳው ሰው እምቢ ለማለት፣ ለመሳሳት፣ የራሱን አቅጣጫ ለመያዝ ስፍራ አለው?

4ኛ/ ይህ ሰው እንደ ጽድ ነው ወይስ እንደ ቲማቲም? እንደ ጽድ ከሆነ ችካሉን የማነሣበትን ቀን አስቤያለሁ? እንደ ቲማቲም ከሆነ እስከ መጨረሻው ሳልሰለችና ሳልቈጥርበት እቆያለሁ?

5ኛ/ እርሱን ጠይቄዋለሁ?

ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው አምስተኛው ይመስለናል፤ መጠየቅ መልስን ለመቀበል መዘጋጀትን ይሻልና። ነገር ግን የቀሩት አራቱ ያለ እርሱ ግምት ሆነው ይቀራሉ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ብለን እንፈጽማለን። እኛም ራሳችን በአንድ ወቅት ተደግፈን የቆምን ነን። በጀርባዋ ያዘለችን፣ ፊደል ያስቈጠረን፣ በተሳሳትን ጊዜ ታግሦ የጠበቀን ሰው ነበረ። አንዳንዶቻችን ችካላችን ተነሥቶልናል፤ አንዳንዶቻችን ሳናስተውለው ዛሬም እንደ ተደገፍን ነን። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ሁላችንም ምርኩዝ ወደምንፈልግበት ወራት እንደርሳለን። ያን ጊዜ ሌሎች እንዴት እንዲደግፉን እንሻለን? ሽቦ ይዘው እንዲመጡ አንፈልግም፤ እንዲተዉንም አንፈልግም። ቀረብ ብለው «ምን ላድርግልዎ?» እንዲሉን፣ መልሳችንንም ቆመው እንዲሰሙን እንፈልጋለን። ለራሳችን የምንሻውን ይህንኑ ዛሬ በእጃችን ላሉት እናድርግላቸው።